ከውጭ የተቆለፈችው ክፍል

ሰው ቤት ስደርስ መጀመሪያ የማየው ጫማ ነው። በር ላይ ስንት ጥንድ እንዳለ፣ የማን እንደሆነ፣ አቧራው የዛሬ ይሁን የትናንት ሳላይ ሰላምታ እንኳ አይወጣኝም። ባለቤቴ ይህን አመሌን አትወደውም። አንድ ጊዜ መርሳ ውስጥ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን በር ላይ ቆሜ ስቆጥር ያዘችኝና፣ «እዚህ ደግሞ ማንን ልታስወጣ ነው?» ብላ በሰው ፊት አሳፈረችኝ። ያለችው ግን እውነት ነው። ሥራዬ ሰው ማስወጣት ነበር። ቤተሰቤን መርሳ አስቀምጬ ወልድያ በአንድ ቀበሌ የመንግሥት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆኜ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ።

ይህ ሥራ ሰው ማመንን ያስረሳል። አንዱ የራሱን ቪላ ሠርቶ የቀበሌውን ቤት በደላላ ለሦስት ሰው ያከራያል። ሌላው በሞተ አባቱ ስም እየኖረ፣ አባትህ የት አሉ ሲባል «ጸበል ሄደዋል» ይላል። ብቻዬን ነው የምኖረው የሚል ሰው ቤት ገብቼ ከበሩ ጀርባ አራት ፍራሽ ተጠቅልሎ አግኝቻለሁ። ስለዚህ አልጋ ሥር አያለሁ፣ ድስት ከፍቼ ለስንት ሰው እንደተሠራ እገምታለሁ፣ ሕፃናትን በከረሜላ አባብዬ እጠይቃለሁ። በከረሜላው አሁን አፍራለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ጎበዝ ሠራተኛ ነበር የምባለው።

ጦርነቱ ወልድያ የገባ ጊዜ የመንግሥት ሠራተኛ እየተፈለገ ነው ሲባል ሰምቼ በእግሬ ወጣሁ። በሐራ በኩል ዞሬ፣ ግራና ከተማ ዳር ከምትኖር ታላቅ እህቴ ቤት ገባሁና እስከ መጨረሻው ከዚያች ጓዳ አልወጣሁም። የእህቴ ጎረቤት አንድ አዛውንት ሼህ ናቸው። በመስኖ ውሃ ተራ ከእህቴ ጋር ሁልጊዜ ይጣሉ ስለነበር፣ አሳልፈው የሚሰጡኝ እርሳቸው ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታጣቂዎች መጡ። አጥሩ ጋ ቆመው የነበሩት ሼሁ ናቸውና የት እንዳለሁ እርሳቸውን ጠየቁ። በጓዳው ግድግዳ በኩል ድምፃቸው ጥርት ብሎ ይሰማኛል። «ወደ ደሴ ሄዷል። የሚመለስም አይመስለን» አሉ። ሰዎቹ ሄዱ። እኔ ግን፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያን ቀን ማታውኑ ለእህቴ «ምን ፈልገው ነው? በኋላ የውሃውን ተራ ሊጠይቁሽ ነው» አልኳት። ሼሁ ግን ከዚያ በኋላም ምንም አልጠየቋት።

ከተማው ከተለቀቀ በኋላ ተመልሼ ቢሮዬን ሳየው በሩ እንኳ የለም። የቤቶቹ ማኅደር ግማሹ ተቃጥሏል፣ ግማሹ መንገድ ላይ ተበትኗል። ከገበያ ቃሪያ ገዝቼ ቤቴ ገብቼ ስፈታው፣ የተጠቀለለበት ወረቀት የገዛ እጄ ጽሕፈት ያለበት የመዝገብ ገጽ ሆኖ አገኘሁት። ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ወዲያው ደግሞ ልቤ ፍርሃት ገባው። ከእንግዲህ ማን የማን ቤት ውስጥ እንደሚኖር የሚያውቅ ወረቀት የለም። ዕድሜ ልኬን ያሳደድኳቸው ቀጣፊዎች ሁሉ እንደ አዲስ ተወለዱ ማለት ነው።

እንደዚህ እያለን ነው የማጣራቱ ሥራ የመጣው። የመንግሥት ቤት አስተዳደር ከሥሩ ይስተካከላል፣ ያለአግባብ የተያዘው ተለቅሞ ቤት ለሌለው ይሰጣል ተባለ። መመሪያው ጥሩ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ጥሩ ነበር ነው የምለው። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ልጆቹን ይዞ ትምህርት ቤት ወለል ላይ ይተኛል፤ በሌላ በኩል ተዘግቶ አይጥ የሚጫወትበት የመንግሥት ቤት አለ። የተዘጋ ቤት ከተገኘ ታሽጎ ለሌላ ይተላለፋል። ባለቤቱ ለሥራ ወይም ለሕክምና ሄዶ ከሆነ ብቻ እስኪመለስ ይጠበቅለታል። ማኅደር ስለሌለ ደግሞ ነዋሪነት የሚረጋገጠው በሦስት ጎረቤት ቃል ነው። በሐሰት የመሰከረ የራሱንም ቤት ያጣል፤ እሽግ የቀደደ እንደዚሁ።

ሦስት ጎረቤት የምትለዋን ሳነብ ነው ያንገሸገሸኝ። በቀበሌ ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ አንድ ሽንት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ ይጋራል። ዛሬ እኔ ላንተ እመሰክራለሁ፣ ነገ አንተ ለእኔ። እንዲህ ባለ ቦታ እውነት ከየት ይገኛል ብዬ ገና ሳልጀምር ተናደድኩ። ስለዚህ የራሴን ዘዴ አወጣሁ። ሦስቱን ለየብቻ አቆማቸዋለሁ፤ አንዱ የሚናገረውን ሌላው አይሰማም። ቃላቸው ትንሽ ትንሽ ከተለያየ እውነት ነው፤ ቃል በቃል ከገጠመ ግን ተማክረዋል።

ያች ግቢ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ነው ያለችው። አራት ጭቃ ክፍሎች በአንድ ቆርቆሮ ሥር ተደርድረዋል። በመጀመሪያይቱ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትቸረችር ሴት ከልጆቿ ጋር ትኖራለች። በሦስተኛይቱ ሚስታቸው የሞቱባቸው አንድ ልብስ ሰፊ፣ በመጨረሻይቱ አንድ የባጃጅ ሹፌር። ሁለተኛይቱ ክፍል ግን ጓጉንቸር ቁልፍ ተንጠልጥሎባታል። ደረስኩ፣ ጫማ ቆጠርኩ፤ የሁሉም ልክ ነው። በተቆለፈችው ክፍል ደጃፍ ጫማ የለም።

የክፍሏን ባለቤት ከተማው ሁሉ ያውቃቸዋል። አባታቸው ከትግራይ የመጡ ናቸው፤ እርሳቸው ግን እዚሁ ወልድያ ተወልደው፣ እዚሁ ኮረሪማና ጥቁር አዝሙድ ሲሸጡ ያረጁ ሴት ናቸው። ከተማው ከተለቀቀ በኋላ ለታጣቂዎቹ ውሃ ሰጥተዋል የሚል ወሬ ተነሣባቸው። ውሃ ያልሰጠ ማን አለ? ጠመንጃ የያዘ ሰው ደጅህ ቆሞ ውሃ ሲልህ የለም ትለዋለህ? ግን በዚያን ሰሞን እንዲህ ያለ ወሬ የተነሣበት የእርሳቸው ዓይነት ሰው ከቤቱ ተወስዶ የት እንደደረሰ አይታወቅም ነበር። ስለዚህ ቤታቸው ተቆልፎ ማግኘቴ አልገረመኝም።

መጀመሪያ ባለሽንኩርቷን ጠየቅኋት።

«እትዬ የት አሉ?»

«ሄደዋል» አለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «የሚመለሱም አይመስለን።»

ሹፌሩን ከግቢው ውጭ ባጃጁ ውስጥ አስቀምጬ ጠየቅሁት። «ሄደዋል። የሚመለሱም አይመስለን» አለኝ። ልብስ ሰፊው ዘንድ ገባሁ። ከስፌት መኪናቸው ቀና ሳይሉ፣ «ሄደዋል። የሚመለሱም አይመስለን» አሉ።

ሦስቱም አንድ ቃል። ደስ አለኝ ብል ውሸት አይደለም፤ ሌባ እጅ ከፍንጅ የያዝኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

«ወላሂ ይበሉ እስቲ» አልኳቸው ልብስ ሰፊውን።

ሳል ያዛቸው። ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት፤ መልሰው በመርፌው ዓይን ለማስገባት ሦስት ጊዜ ሞከሩ። «አላህ ያውቃል» አሉ በመጨረሻ።

እኒህ ሰው ስለ አንድ ክንድ ጨርቅ እንኳ ወላሂ ለማለት የማይቸገሩ ናቸው። ወጥቼ ቁልፉን አገላብጬ አየሁት። ወራት የተዘጋ ቤት ቁልፍ ዝገት ይይዛል፣ ሸረሪት ያደራበታል። ይሄ ግን በየቀኑ እጅ የሚነካው ቁልፍ ነበር። ዝቅ አልኩ። የበሩ ደፍ ረጥቧል፤ አንድ ሰው ከውስጥ ወለል ጠርጎ ውሃው በበሩ ሥር የወጣ ይመስላል። ቁልፉ ማን ጋ ነው አልኩ። ባለሽንኩርቷ እየተንተባተበች፣ «አደራ ብለው ለእኔ ሰጥተውኝ ነው» አለች።

በቃ፣ ገባኝ። አሮጊቷ ሸሹ፤ እነዚህ ሦስቱ ተማክረው ቤታቸውን ተከፋፈሉት። ወይ ሽንኩርት ማከማቻ አድርገውታል፣ ወይ ማታ ማታ ለአላፊ አግዳሚ ያከራዩታል። በሴትዮዋ ፈንታ ተናደድኩ። ስንት ዘመን አብረዋቸው ኖረው፣ ቡና ጠጥተው፣ ሴትዮዋ ዞር ሲሉ እንዲህ! ቅጹን አወጣሁና በሩ ላይ ተደግፌ እየጮኽኩ ጻፍኩ፤ ግቢው እንዲሰማ ነው የጮኽኩት። «ተከራይዋ ከአካባቢው ተሰውረዋል። ቤቱ ነዋሪ አልባ ሆኖ ስለተገኘ ከዛሬ ጀምሮ ታሽጓል።» ማኅተም የተመታበትን ወረቀት በበሩና በመቃኑ ላይ አጋድሜ ለጠፍኩት። ኮላው እስኪይዝ ድረስ በመዳፌ ተጭኜው ቆምኩ። ሦስቱም ከየደጃፋቸው ያዩኛል። ቀኑ ዓርብ ነበር። ሰኞ በኮሚቴ ፊት ተከፍቶ ዕቃው ይመዘገባል አልኳቸውና ወጣሁ።

እሑድ ጠዋት ልብስ እያጠብኩ ሳለ ባለሽንኩርቷ እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ቤት ድረስ መጣች። በፌስታል ሽንኩርት ይዛለች።

«ወንድሜ፣ እባክህ ያችን እሽግ ዛሬ ክፈትልን።»

«ለምን ተብሎ?»

«ዕቃ አለኝ ውስጥ።»

«ሰኞ ይወጣልሻል።»

«ሰኞ ሩቅ ነው» አለች። ድምፅዋ ተሰበረ። ለሽንኩርት እንዲህ የሚለቀስ ከሆነ ሽንኩርቱ ብዙ ነው ማለት ነው ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ማሰቤን ዛሬ ሳስታውስ ፊቴ ይቃጠላል።

«ፌስታልሽን ይዘሽ ተመለሺ» አልኳት። «ጉቦ ብዬ ስምሽን ሳልጽፈው።»

አልሄደችም። ቆማ ፊቴን አየችው። አተያይዋን አልረሳውም፤ ገበያ ላይ የሰውን ፊት አይታ ዱቤ ልትሰጠው ትችል እንደሆነ የምትመዝን ሴት አተያይ ነው። አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች። ሽንኩርቱን በሩ ላይ ትታው ስለነበር ተከትዬ አስይዤ መለስኳት።

ሰኞ ከኮሚቴው አንዱ ስለቀረ ሁለት ሆነን ሄድን፤ እኔና ከጸጥታ የተመደበው ጎልማሳ። ስለዚህ ሰው የማውቀው ትንሽ ነው፤ ሰዎችን ከየቤታቸው ሲወስዱ አብሮ የሚሄደው እርሱ እንደነበር ግን አውቃለሁ። ግቢው በር ላይ ስልክ ተደወለለትና እዚያው ቆመ። «አንተ ጀምር፣ መጣሁ» አለኝ። ባለሽንኩርቷ ቁልፉን ሰጠችኝ። እሽጉን ቀደድኩ፣ ቁልፉን ከፈትኩ፣ ገፋ አድርጌ ገባሁ።

ጨለማ ነው። ሽታው መጣብኝ፤ የቅመም፣ የታፈነ ሰው፣ የሽንት ባልዲ። መስኮቷ በማዳበሪያ ከረጢት ተደፍናለች። ዓይኔ ሲለምድ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው አየኋቸው። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ይዘው፣ ተራቸው እስኪደርስ ቢሮ ኮሪደር ላይ እንደሚጠብቅ ባለጉዳይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

«ግባ ልጄ» አሉኝ በሹክሹክታ። «በሩን ገርበብ አድርገው።»

ገርበብ አደረግሁት። ለምን እንደታዘዝኩ አላውቅም። ከልብስ ሰፊው ክፍል ጋር በሚጋሩት ግድግዳ ጣት የምታህል ቀዳዳ ተበስታ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ወጥቶባታል፤ ጫፉ ጣሳ ውስጥ ነው። ሦስት ቀን ውሃ ያጠጧቸው በዚያ ነው። የመንግሥት ግድግዳ መብሳት ውል ያስፈርሳል የሚለው አንቀጽ በዚያች ሰዓት እንኳ ጭንቅላቴ ውስጥ መጥቶ ሄደ፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ። ከአልጋው አጠገብ ኮንጎ ጫማቸው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ሶሉን አየሁት። አንድ ቅንጣት አፈር አልነበረበትም። ከተማው ከተለቀቀ ጀምሮ መሬት አልረገጠም።

«ዓርብ ስትጽፍ ሰማሁህ» አሉ።

«ታዲያ ለምን አልጮኹም?»

«ለማን?» አሉኝ። «ደጁ ላይ ያለኸው እኮ አንተ ነህ።»

ወረቀቱን ዘረጉልኝ። የቤት ውላቸው ነበር፤ ማኅደሩ ሁሉ ሲቃጠል የተረፈ፣ እኔ ራሴ ያደስኩት፣ የእኔው ፊርማ ያለበት። «ሌላ ነገር የለኝም። ይቺን ክፍል ብትሰጡብኝ የትም የምሄድበት የለኝም። ብወጣም...» አሉና ሳይጨርሱ በዓይናቸው በሩን አመለከቱኝ።

ከውጭ የስልኩ ወሬ አለቀ። «ምንድን ነው ያለው?» አለ የጸጥታው ሰው፣ እየቀረበ።

ያን ጊዜ ነው ግራና ትዝ ያለኝ። የጓዳው ግድግዳ፣ የሼሁ ድምፅ፣ ሄዷል የሚመለስም አይመስለን። ለእኔ የተዋሸልኝን ውሸት፣ በእርሱ ነፍሴ የተረፈችበትን ውሸት፣ ከሦስት ሰው አፍ ሰምቼ አላወቅሁትም። እንደ ሌባ ምልክት ቆጠርኩት። ግድግዳው ላይ ራሴን ላጋጨው ምንም አልቀረኝም።

ለማልቀስም ለማፈርም ጊዜ አልነበረም። አሉ ብዬ ብጽፍ ሴትዮዋ ይወሰዳሉ፤ ሦስቱም በሐሰት መስካሪነት ቤታቸውን ያጣሉ። የሉም ብዬ ብጽፍ ክፍሏ ነገ ለሌላ ትሰጣለች፤ አዲሱ ገቢ ፍራሹን ይዞ ሲመጣ ሴትዮዋን ያገኛቸዋል። እግሬ ግን ከአእምሮዬ ቀድሞ ወጣና የበሩን ክፍተት በትከሻዬ ሞላሁት።

«ዕቃ ብቻ ነው» አልኩ። «ለሕክምና ደሴ ሄደዋል። ይመለሳሉ።»

«ማን አለ?»

«ወረቀት አለ።» ውሉን በፌስታሉ መልሼ ጠቅልዬ ከፍ አድርጌ አሳየሁት። «ሕክምና ላይ ያለ ሰው ቤት አይወሰድም፣ መመሪያው ላይ አለ። እሽጉ የእኔ ስሕተት ነው፤ ሳላጣራ ነው የለጠፍኩት።»

ስሕተት የሚለውን ቃል በሥራ ላይ ሆኜ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ቅጹን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እዚያው ጻፍኩት። ጎረቤቶቹ ሄደዋል ማለታቸው ልክ እንደሆነ፣ ተከራይዋ ግን በሕክምና ላይ እንዳሉ፣ ቤቱ እስኪመለሱ ተቆልፎ እንዲጠበቅ። ከዚህ ባነሰ ውሸት ስንት ሰው ከቤቱ አስወጥቻለሁ። ፈረምኩበት፣ ስሜ ያለበትን ቲተር መታሁበት።

ወረቀቱን ለማኖር ብዬ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ መለስ አልኩ። ውሉን በእጃቸው ሳስይዛቸው ጣቶቼን ጨበጥ አድርገው ያዙኝ። ምን ሊሉኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«በል ልጄ» አሉኝ፣ «እንደነበረው ከውጭ ቆልፍልኝ።»

ወጣሁና በሩን ገጠምኩ። በሕይወት ባለ ሰው ላይ ቁልፉን አዞርኩ። ዘወር ስል የጸጥታው ሰው ጎንበስ ብሎ ደፉን ያያል። ደፉ ዛሬም ረጥቧል። ቀና ብሎ ልብስ ሰፊውን አየ፣ ሹፌሩን አየ፣ በመጨረሻ እኔን አየኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በሰው ላይ የወረወርኩት አተያይ እንዴት ላብ እንደሚያጠምቅ ያን ጊዜ አወቅሁ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ወጣ። አውቆ ይለፈኝ ሳያውቅ ይለፈኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለወራት በሬ በተንኳኳ ቁጥር እርሱ ነው እያልኩ ኖሬአለሁ።

ክፍሏ አልተወሰደችም። ሰላም ሆኗል በተባለ ጊዜ እትዬ ወጥተው ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አየኋቸው፤ ኮንጎ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ያን ሰኞ ግን፣ የጸጥታው ሰው ከወጣ በኋላ፣ ቁልፉን ለባለሽንኩርቷ መለስኩላት። ጨብጣው ቆመችና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«እሑድ ብነግርህ ኖሮ ትከፍትልን ነበር?»

«አዎ» አልኳት።

እንዳላመነችኝ ከዓይኗ አየሁ። እኔም በእርሷ ቦታ ብሆን አላምነኝም ነበር።